በማን ስም የታረደ?

ዓይን ሳያንኳኳ ይገባል፤ አፍ ግን ደጃፍ ላይ ቆሞ «የማን ነው? ማን አረደው? በምን ተጠበሰ?» ይላል። ጣሊያን፣ ሲሲሊ ደሴት ላይ ባለችው ፓሌርሞ እህቴ ዘንድ በሰነበትኩበት ጊዜ ከራሴ ጋር ያከራከረኝ ይህ ነው። የኖርማን ነገሥታት የቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት በሆነው በካፔላ ፓላቲና ውስጥ አንጋጥጬ ስቆም፣ ጣሪያውን የፈለፈሉት እጆች ወዴት ዞረው ይሰግዱ እንደነበር አልጠየቅሁም። ከዚያ ወጥቼ ባላሮ ገበያ ስገባ ግን ጥቂት ዩሮ በሚያወጣ አንድ ዳቦ ፊት ጥያቄዬ አላልቅ አለ። ሰው በዓይኑ ያለ ገደብ ሲጠግብ አድሮ በአፉ ድንበር የሚያስከብር ከሆነ ሃይማኖቱ የትኛው ላይ ነው?

ደሴ ተወልጄ፣ እዚያው ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እህቴ ደግሞ ጣሊያኖች «ባዳንቴ» በሚሉት ሥራ፣ ዘጠና ዓመት ያለፋቸውን አንዲት አሮጊት እያስታመመች ትኖራለች። ሴትየዋን «ሲኞራ» እንላቸዋለን። የሄድኩት በሰኔ ነው። እኛ ዘንድ ሰማዩ ሲዳምን እዚያ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ስለዚህ ከተማ ማየት የሚቻለው በማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ ነው። ሲኞራ ሲያሸልቡ እህቴ ትንሽ ፋታ ታገኝና አብረን እንወጣለን።

ካፔላ ፓላቲናን ያሠራው ሮጀር ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1130 በሲሲሊ ላይ የነገሠ ኖርማን ነው። (ከዚህ በኋላ የአገሩን ታሪክ ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ግድግዳውን የግሪክ ሊቃውንት በወርቅ ሞዛይክ ሸፍነውታል፤ ጉልላቱ ላይ ክርስቶስ መጽሐፍ ይዞ ይባርካል፤ ጽሑፉ እዚህ በግሪክ ነው፣ እዚያ በላቲን። የመሐሉ ጣሪያ ግን ከእንጨት የተፈለፈለ የሙስሊም ባለሙያዎች ሥራ ነው። እርስ በርስ በተደራረቡት ትንንሽ ጎድጓዶች ውስጥ ጽዋ የያዙ ሰዎች፣ አውታር የሚደረድሩ ዘፋኞች፣ ሰንጠረዥ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ተሥለዋል፤ በዓረብኛ ፊደል ምርቃት ተጽፏል። ከታች ቅዳሴ፣ ከላይ ግብዣ። አንገቴ እስኪያመኝ አየሁ።

ካቴድራሉም እንደዚያው ነው። ከኖርማኖች በፊት፣ በዓረቦች ዘመን፣ በቦታው መስጊድ ነበር። በደቡብ በኩል ባለው በረንዳ ከዓምዶቹ አንዱ ላይ የቁርኣን አንቀጽ ተቀርጾ ዛሬም አለ። ምእመናን በእሱ አጠገብ አልፈው ያማትባሉ። እኔም አማትቤ አለፍኩ።

በጣም የወደድኩት ግን ዚዛ በሚባለው የነገሥታት መናፈሻ ቤት ውስጥ የተቀመጠው የመቃብር ድንጋይ ነው። ግሪዛንዶ የሚባል ቄስ እናቱ አና ስትሞት ያስቀረጸው ነው፤ ዘመኑ 1149 ነው። ሐዘኑን በአራት ፊደል አጻፈው፦ በላቲን፣ በግሪክ፣ በዓረብኛ፣ እንደገና ደግሞ ዓረብኛውን በዕብራይስጥ ፊደል። ዘመኑንም እያንዳንዱ በየራሱ አቆጣጠር ነው የሚናገረው፤ አንዱ ከክርስቶስ ልደት፣ አንዱ ከሂጅራ፣ ሁለቱ ከዓለም ፍጥረት። ከዓለም ፍጥረት የሚቆጥሩትም ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ባሕረ ሐሳብን ያልሸሸ ሰው እዚያ ድንጋይ ፊት ፈገግ ሳይል አያልፍም። አራት ዓይነት ጎረቤት መጥቶ ያንብበው ብሎ የጻፈ ልጅ ነው። ለእናቱ ተዝካር ማን አርዶለት ይሆን? ሙስሊሙ ጎረቤት ከምን በላ? ዓይኔ ያላነሣውን ጥያቄ እዚያ ሆዴ አነሣው።

የሐዋርያት ጾም ላይ ስለነበርኩ መጀመሪያ ነገሩ ቀላል ነበር። ፓሌርሞ ለጿሚ ትራራለች። ባላሮ ገበያ ሻጩ በዜማ እየጮኸ ይጠራል፤ ዓሣው፣ ቲማቲሙ፣ የወይራው በርሜል መተላለፊያ አያስቀርም። እዚያ መሐል ላይ «ፓኔሌ» ይጠበሳል። የሽምብራ ዱቄት በውኃና በጨው እንደ ገንፎ ይማሰላል፤ በስሱ ተዘርግቶ ሲረጋ ተቆርጦ በዘይት ይጠበስና ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ ውስጥ ይከተታል፤ ሎሚ ይጨመቅበታል። ቆመህ ነው የምትበላው። ሰው ሁሉ ይበላዋል፤ ተማሪው፣ ጠበቃው፣ ግንበኛው። ዘይቱ ምን እንደነካው ጠየቅሁ፤ የዘር ዘይት ነው አሉኝ። እህቴ ዓይኗን ገለበጠች።

ሲኞራ መጾሜን ሲሰሙ አልተደነቁም። የራሳቸውን ነገሩኝ። በእነሱ ታኅሣሥ 13ኛው ቀን የሳንታ ሉቺያ በዓል ነው፤ በዚያን ዕለት የፓሌርሞ ሰው ዳቦም ፓስታም አይቀምስም። በ1646 ረኃብ ገብቶ ሳለ በቅድስቲቱ ዕለት እህል የጫነ መርከብ ወደቡ ደረሰ፤ የተራበው ሕዝብ ለመፍጨት እንኳ ትዕግሥት አጥቶ ስንዴውን እንዳለ ቀቅሎ በላ ይባላል። ስለዚህ እስከ ዛሬ በዚያን ቀን «ኩቺያ» ይበላል፤ የስንዴ ንፍሮ ነው፣ ብቻ በጣፋጭ ያበላሹታል። ሴትየዋ በልጅነታቸው ያችን ዕለት አንዲት ፍርፋሪ በስሕተት ቀምሰው እናታቸው እንደገሰጿቸው ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ያየሁት እውነተኛ ድንጋጤ ነበር። በዕለቱ የሚከለከለው ዳቦ በማግስቱ ምንም አይለውም። ክፉ ስለሆነ አይደለም የተተወው። ይህንን ያልተረዳ ሰው ስለ ጾም የሚያወራው ሁሉ ስለ ጨጓራ ብቻ ይሆንበታል።

ሐምሌ 5 ጾሙ ተፈታ። የጴጥሮስና የጳውሎስ ቀን ነው። እህቴ «ዛሬ የአገሩን ነገር ትቀምሳለህ» ብላ ወደ አንድ ሻጭ ወሰደችኝ። «ፓኒ ካ ሜውሳ» ይሉታል። የጥጃ ጣፊያና ሳንባ ተቀቅሎ፣ በስሱ ተከትፎ፣ አዘንብሎ በተቀመጠ ትልቅ መጥበሻ ላይ ይገላበጣል። ሻጩ በሹካ አንሥቶ ስቡን ጨመቅ ያደርገውና ዳቦ ውስጥ ይሞላዋል። ሎሚ ብቻ ከሆነ «ያላገባች» ይሉታል፤ ሪኮታና ካቾካቫሎ አይብ ሲጨመርበት «ያገባች» ነው። ዱለት ለሚበላ አገር ልጅ የሆድ ዕቃ አያስደነግጠውም። ሽታው ራሱ ይጠራል።

የዳቦው ታሪክ ደግሞ የእኔን ዓይነት ሰው የሚያስቆም ነው። ፓሌርሞዎች እንደሚተርኩት፣ በመካከለኛው ዘመን የከተማዋ አራጆች ብዙዎቹ አይሁድ ነበሩ። እርድ በእነሱ ዘንድ ሃይማኖታዊ ሥራ ስለሆነ ገንዘብ አይቀበሉበትም፤ በክፍያ ፈንታ የሆድ ዕቃውን ይወስዳሉ። እሱን አብስለው ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው በዳቦ ይሸጡታል። ከሕግ የተወለደ ምግብ ነው እንግዲህ። አራጁ «ይህን አልቀበልም» ባይል ኖሮ ይህ ዳቦ የለም።

«በምንድን ነው የሚጠብሰው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ አትጠይቅ» አለች። «ብላና እንሂድ።»

«ጠይቂው እንጂ።»

ጠየቀችው። ሰውየው በኩራት «ስትሩቶ!» አለ። የአሳማ ስብ። በሌላ ነገር የሚጠብስ ካለ ሌባ ነው ብሎም ጨመረ። እንግዲህ ከአይሁድ ሕግ የተወለደው ዳቦ ከዘመናት በኋላ በአሳማ ስብ ይጠበሳል፤ ወላጆቹን ረስቷል።

እህቴ ተናደደችብኝ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ናት፤ ለክርክር አትሰንፍም። «ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ገበያ ወጥታችሁ ሥጋ ስትገዙ ሕሊናችሁን አታስጨንቁ ብሏቸው የለም? ለዚያውም በዕለተ ቀኑ!» አለችኝ። ልክ ናት። ግን ሐዋርያው እዚያ ላይ አላቆመም። ለጣዖት የተሠዋ ነው ብሎ የሚነግርህ ሰው ካለ ግን፣ ስለ ነገረህ ሰው ስትል ተወው ይላል ቀጥሎ። «አሁን ነግሮኛል» አልኳት። «እኮ! አትጠይቅ ያልኩህ ለዚህ ነበር» አለች።

ይህንን በቀላሉ የምተወው አይደለም። የዕለቱ ሁለት ቅዱሳን እርስ በርሳቸው የተጋጩት በዚሁ በመብል ጉዳይ ነው። ጴጥሮስ ኢዮጴ ላይ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ሰገነት ላይ ሳለ፣ ንጹሕና ርኩስ እንስሳ የተቀላቀለበት መጋረጃ ከሰማይ ሲወርድለት አየ፤ አርደህ ብላ ተባለ። እኛ ዘንድ መምህራን ሲያብራሩት፣ ራእዩ ስለ ሰው እንጂ ስለ ወጥ ቤት አይደለም ይላሉ፤ ጴጥሮስ ራሱ ቆርኔሌዎስ ቤት ገብቶ የተናገረው ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል መማሩን ነውና። ያው ጴጥሮስ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ የኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ከማዕዱ ሸሸ። ጳውሎስ ፊት ለፊት ገሠጸው። የገሠጸው ስለ ምግቡ ዓይነት አልነበረም፤ አብሮ ከቆረሰ ሰው ፊት ተነሥቶ ስለ መሄዱ ነው። ሐሜት ፈርቶ ነው የተነሣው። ይህን ሳስብ በሰውየው መጥበሻ ፊት ቆሜ ፊቴን አሞቀኝ፤ እየጠበቀኝ ነበር።

የእኛው ንጉሥ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 ለካቶሊክ ሚስዮናውያን የሃይማኖት መልስ ሲጽፍ ስለ አሳማ ሥጋ አንድ ነገር ብሏል። አይሁድ ናችሁ ተብሎ ተከሶ ነበርና፣ የማንበላው የኦሪትን ሕግ እንደ አይሁድ ለመጠበቅ አይደለም፤ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም ሲል ይመልሳል። ንጉሡ በእሳት መካከል ሆኖ ነው የጻፈው፤ አንድ ፊቱ ከግራኝ ጦርነት ማግሥት፣ አንድ ፊቱ ከፖርቱጋል መነኮሳት። ሆኖም ቃሉ ርጋታ አለው። እኔ የምኖርበት እምነት ይህ ነው። የምትከለክለው ሕግ አይደለችም፣ እናቴ ናት። የእናቴ ጓዳ ደግሞ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሻጩ ነገሩ ሲገባው ሳቀ እንጂ አልተቀየመም። ዳቦውን ሰነጠቀ፣ ሪኮታና የተፋቀ ካቾካቫሎ ሞላበት፣ ሎሚ ጨመቀበት፤ ጣፊያውን ተወው። «ባሏ የሞተባት ናት» ብሎ ሰጠኝ። ያላገባች፣ ያገባች፣ ባሏ የሞተባት። ሒሳቡን ግማሽ አደረገልኝ። እህቴ የራሷን «ያገባች» በላች፤ ለካ እሷ የአሳማ ሥጋ ባትበላም ስቡን መቁጠር ካቆመች ቆይታለች።

ማታ ሲኞራ ከተኙ በኋላ በረንዳው ላይ ክርክሩ ቀጠለ። «አንተ ነገ ከነገ ወዲያ ትሄዳለህ፤ እኔ እዚህ ነዋሪ ነኝ» አለች። «እሳቸው ጎርሰው ያጎረሱኝን እምቢ ብላቸው ተጸየፈችኝ ነው የሚሉት። እንደ ልጃቸው ሆኜላቸዋለሁ፤ ልጅ ከእናቷ ሳህን ትመርጣለች?» ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ የቅዱስ ቤኔዴቶ ምስል ተለጥፏል። ጥቁር ነው። ወላጆቹ ከአፍሪካ በባርነት ወደ ሲሲሊ የመጡ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሳንታ ማሪያ ዲ ጄዙ ገዳም ምግብ አብሳይ ነበር፤ ማንበብ መጻፍ ሳይችል በ1578 የገዳሙ አለቃ አደረጉት፤ ኋላም ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰ። በ1589 አረፈ፤ በ1807 ቅዱስ ተባለ፤ የፓሌርሞ ተጠባቂ ቅዱሳን አንዱ ነው። በሐምሌ 2023 ሰደድ እሳት ቤተ ክርስቲያኑን ሲያቃጥል ሲኞራ በቴሌቪዥን እያዩ አለቀሱ አለችኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ስንክሳር ውስጥ የለም፤ እህቴ ግን ሽንኩርት ስትከትፍ ታነጋግረዋለች። ምን እላታለሁ?

ከዚያ በኋላ የተናገረችው ነው እንቅልፍ የነሣኝ። «አንተ የምታስበው» አለች፣ «ሥጋ ሁሉ በአንድ ሰው ስም ይታረዳል ብለህ ነው። እኛ በስመ አብ፣ እነሱ ቢስሚላህ። እዚህ አገር እኮ በማንም ስም አይታረድም። በማሽን ነው።»

አዎ። ጳውሎስን ያስጨነቀው የሌላ አምላክ ስም የተጠራበት ሥጋ ነው። አባቶቼንና የጎረቤቶቼን አባቶች የለያያቸውም የተጠራው ስም ነው፤ ስለ አንዱ ፈጣሪ ስም አጠራር ማዕድ ለየን። በሱፐርማርኬት በላስቲክ የተጠቀለለው ሥጋ ግን ምንም አልተባለበትም። ነፍስ ወጣች፤ ማንም ቢላዋውን ይዞ «በስምህ» አላለም፣ ማንም አልፈራም። የትኛው ነው ለአማኝ የሚከብደው? ባላሮ ውስጥ የባንግላዴሽ ሰዎች የሚሠሩባቸው የሐላል ሥጋ ቤቶች አሉ። ከእነሱ ቤት ሥጋ እንዳልገዛ ልማዴ ይከለክለኛል። ያን ሌሊት ግን፣ እግዜርን የሚፈራ ሰው ካረደውና ማንንም የማይፈራ መኪና ካረደው የቱ ለእኔ እንደሚቀርብ ስመዝን፣ ሚዛኑ አባቴ ባልጠበቀው በኩል አዘነበለ። ልማዴን ግን አልቀየርኩም። ሚዛን ሌላ፣ ማዕድ ሌላ።

ወደ ዓይን ልመለስ። ካፔላ ፓላቲናን ሁሉም ያሞካሻል፤ «የመቻቻል ምልክት» ይሉታል አስጎብኚዎች። እኔ ታሪክ አስተማሪ ነበርኩና ቀጥሎ የሆነውን አውቃለሁ። ከሲሲሊ ሙስሊሞች የተረፉትን የሮጀር የልጅ ልጅ ፍሬድሪክ ሁለተኛ፣ ከ1220ዎቹ ጀምሮ ከደሴቲቱ ነቅሎ ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ሉቼራ ላይ አሠፈራቸው። ጣሪያው ቀረ። አይሁድም እንደዚሁ፤ ከሺህ ዓመት በላይ በኖሩባት ደሴት የስፔን ነገሥታት የ1492 ዐዋጅ ደረሰባቸው፣ እስከ ጥር 1493 ውጡ ተባሉ። ጣፊያው በዳቦ ቀረ። ከተማዋ የሰዎቹን ሥራ በዓይኗም በአፏም ያለ ምንም ጥያቄ ዋጠችው፤ ሰዎቹን ግን ተፋች። ስለዚህ «ሁሉን ያለ ጥያቄ እቀምሳለሁ» የሚል ሰው በፊቴ ራሱን ሰው ወዳድ አድርጎ ሲያቀርብ አልቀበለውም። ጣዕሙን መውደድ ቀላል ነው። ጣዕሙ ማንንም አይፈልግም።

የወዲያኛውን ክፋትም አልሸፍንም። ስቴሪ የሚባለው አሮጌ ቤተ መንግሥት ከ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እስከ 1782 የኢንኩዊዚሽን፣ ማለት የካቶሊኮች የሃይማኖት መርማሪ ፍርድ ቤት፣ መቀመጫ ነበር። እስር ቤቱ ግድግዳ ላይ እስረኞቹ የሣሏቸው ቅዱሳን፣ ካርታዎች፣ ግጥሞች አሁንም ይታያሉ፤ በ1906 ነው ጁዜፔ ፒትሬ የተባለው ሊቅ ከላያቸው የተለሰነውን ኖራ ማስነሣት የጀመረው። የስፔን ኢንኩዊዚሽን በየአገሩ ሰዎችን ሲከስስ ከማስረጃዎቹ አንዱ ጓዳ ነበር፦ እገሌ አሳማ አይበላም፣ እገሊት ዓርብ ማታ ወጧን አስቀድማ ትሠራለች። የጎረቤት አፍንጫ ምስክር ሆነ። ሰው በጭሱ በሚመረመርበት ከተማ የአሳማ ስብ መሽተት ዋስትና ነው። ያን ካየሁ በኋላ የሻጩ «ስትሩቶ!» ጆሮዬ ላይ ሌላ ድምፅ አለው። ማዕድን የእምነት መፈተኛ ያደረገ ሰው መጨረሻው እዚያ ክፍል ነው፤ የኔም ወገን ቢሆን።

ወሎ ላይ የማውቀው መንገድ ከሁለቱም ይለያል። ክርስቲያኑ ሲድር ሙስሊም እንግዶቹን ያስባል፤ በሬውን ወይም በጉን ለይቶ ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል፤ እሱ ያርዳል፣ ሰዎቹ ያበስላሉ፣ በተለየ ዳስ ይበላል። ሙስሊሙም ሲድር እንዲሁ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለት ዳስ መለያየት ይመስላል። ሲሠራ ላየው ግን፣ ጎረቤትህ በአካል ካልተገኘ ድግስህ ጎዶሎ ነው፤ ያለ እሱ እጅ እንግዶችህን ማብላት አትችልም። በጓዳህ ቢላዋ ይዞ የሚገባ ሰው ነው፤ የምታምነውን ያህል ነው የምታስገባው። የማይጠይቅ አፍ እንዲህ ያለ ሰው አያስፈልገውም። ይህን ስል ሁሉም ሰላም ነው ማለቴ አይደለም። ዳሱ ሁለት መሆኑ አንድ ቀን ለክፉ ሰው መስመር እንደሚሆንለት በዘመናችን አይተናል። እህቴም ይህንኑ ነው የመለሰችልኝ፦ «ሁለት ዳስ ለማቃጠል ይመቻል ጋሼ።» መልስ የለኝም ነበር፤ አሁንም የለኝም። ብቻ አንዱ ዳስ የፓሌርሞን ሰዎች አላዳናቸውም።

ሐምሌ 7 የእኛ ሥላሴ ነው፤ በእነሱ 14 ጁላይ፣ የሳንታ ሮዛሊያ ዋዜማ ሌሊት። በ1624 ወረርሽኝ ከተማዋን ሲፈጅ ሞንቴ ፔሌግሪኖ ተራራ ላይ የባሕታዊቷ አፅም ተገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዑደት ሲዞር መቅሠፍቱ ቆመ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ታላቅ ሠረገላ ከቤተ መንግሥቱ ተነሥቶ ካቴድራሉን አልፎ እስከ ባሕሩ ይጎተታል። መሐል አደባባዩ ላይ ከንቲባው ወጥቶ አበባ ያኖርና «ፓሌርሞና ሳንታ ሮዛሊያ ለዘላለም ይኑሩ» ብሎ ይጮኻል፤ ሕዝቡ ይቀበላል። እኔ እዚያ ሰልፍ ውስጥ የቆምኩት በልቤ አብርሃምን ይዤ ነው። አባቶች እንደሚተርኩልን አብርሃም እንግዳ ካልመጣ አይበላም ነበር፤ ሰይጣን መንገድ ላይ ቆሞ እንግዶቹን እየመለሰ ሦስት ቀን ጦሙን አዋለው፤ ከዚያ ሦስቱ መጡ። ቅቤና ወተት፣ የሠባ ጥጃም አቀረበ። ማን መሆናቸውን ሳያውቅ ነው። እንግዳው ምን ይበላል የሚለው ጭንቀት የአስተናጋጁ ነበር፤ የእንግዳው አልነበረም።

የበዓሉ ምግብ ቀንድ አውጣ ነው። «ባባሉቺ» ይሉታል፤ በነጭ ሽንኩርትና በዕፅ ተጠብሶ በሳህን ይመጣል፣ ሰው ቅርፊቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በድምፅ ይመጠዋል። ሺህ ሰው ጎዳና ላይ ስለ ቅድስቲቱ ክብር ቀንድ አውጣ ሲመጥ አስቡት። እኔ የተቆላ ሽምብራና የዱባ ፍሬ ገዛሁ፤ ይህም የበዓሉ ነው፣ ማንም የሚቀየምበት የለም። ሲኞራ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ሆነው አንድ ቀንድ አውጣ ዘረጉልኝ። እህቴ አየችኝ። ከአንዲት አሮጊት እጅ፣ በሥላሴ ቀን። በሁለት እጄ ተቀብዬ አመሰገንኩና ለእህቴ አሳለፍኩት፤ እሷም አልበላችውም፤ አሮጊቷ ሁለታችንንም አይተው በሳቅ ፈረሱ። «ኦርቶዶሲ!» አሉ፤ ስድብ ይሁን ምርቃት እህቴም አልለየችውም።

በማግሥቱ ከደሴ ስልክ ተደወለ። አርባ ዓመት የተጎራበትናቸው ሐጂ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ነሐሴ መጀመሪያ አስበውት ነበር።

«ፍልሰታ ነው ብዬ ገፋሁት» አሉ። «ከ16 ወዲያ ነው፤ እሑድ ይውላል። ረቡዕ ወይ ዓርብ ቢሆን የእናንተን ሰዎች ምን ላበላ ነው? አራጅ ያዝ እንግዲህ መምህር።»

«ሁለት በግ ይበቃል ሐጂ፣ አይቸገሩ።»

«ሁለት በግ? ለዚያ ሁሉ ሰው? ጣሊያን አገር ሄደህ ቆጣቢ ሆንክ እንዴ! በሬ ነው የምሰጥህ። አራጁን ብቻ ቶሎ ያዝ፤ ያ ባለፈው ያመጣኸው ሰውዬ ግን ይቅርብን፣ ቢላዋው አይቆርጥም።»